የአባቴ ማዕዘኖች

ሥራዬ ስድብ መስማት ነው። ፍሪጅና ምድጃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ የደንበኞች ቅሬታ ተቀባይ ነኝ። በቀን ሰማንያ፣ ዘጠና ሰው ይደውልልኛል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ደህና ዋልሽ የሚለኝ አንድ ሁለቱ ነው። ፍሪጁ አላቀዘቀዘም፣ ምድጃው አልነድ አለ፣ በሩ አልገጥም አለ፤ ሁሉም የኔ ጥፋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ይሄን ስሰማ ኖሬ አሁን የሰው ድምፅ ሁሉ ቅሬታ ይመስለኛል። ማታ ቤት ስገባ አባቴ "መጣሽ?" ሲለኝ እንኳ "ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን" ልለው አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ።

ኮምፒውተሩን ያመጣሁት ሐሙስ ነው። ከታክሲ አውርጄ፣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አስቀምጬ እያረፍኩ፣ የግቢውን በር በጀርባዬ ገፍቼ አስገባሁት። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሳሳርፈው ወገቤ የኔ አልነበረም። አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ ካርቶኑን እንደሚገዛ በግ ዙሪያውን ዞረው።

"ይሄ ሁሉ ለምንድነው?"

"ለቤተሰቡ ነው አባዬ። የልጅ ልጆችህን ታይበታለህ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ከቤት ነው የምሠራው። ቢሮው ጠቧል ተባልን።"

"ቢሮ እንዴት ይጠባል? ሰው ነው እንጂ የሚወፍረው።"

"እንግዲያው ወፍረን ይሆናላ" አልኩት፤ ካርቶኑን ለመቅደድ ቢላ ፍለጋ ሄድኩ።

ቢሮው አልጠበበም። ከሁለት ወር በፊት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የጋዝ ሽታ በር ላይ ተቀበለኝ። አባቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ምድጃው ተከፍቶ፣ ሳይለኮስ፣ እንዲሁ ሽሽሽ ይላል። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። ስጠይቀው "ቫልቩ ነው፣ ላልቷል" አለኝ። ምድጃው የኛው ድርጅት ዕቃ ነው፤ ስለ ቫልቩ ከእኔ በላይ ቅሬታ የሰማ የለም። ቫልቩ ምንም አልሆነም። በሳምንቱ ደግሞ ሻይ ጥዶ ወጥቶ ከጎረቤት ጋር ወሬ ሲይዝ ማንቆርቆሪያው ተቃጥሎ ከሰል መሰለ። "ይሄ ቫልቭ ይፈጀናል" አለ።

ታላቅ ወንድሜ ይሄን ሲሰማ "በቃ፣ እኔ ጋ ይምጣ" አለ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ክፍል፣ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ነው። አምና አባቴ እዚያ አንድ ሳምንት ሰንብቶ ሲመለስ ደጃችን ላይ ቆመና መሬቱን በጫማው መታ መታ አድርጎ "ለካ አለሽ!" አላት። መሬትን ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቅ የሚባል ነገር ከተነሳ ወሬ ይቀይራል፤ ዕቃ ይፈልጋል፤ ሽንት ቤት ይሄዳል።

ወንድሜን ለምኜ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። አለቃዬን ደግሞ ለምኜ ከቤት እንድሠራ አስፈቀድኩ። ፈቃዱ ግን ልጓም አለው። ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሙከራ ቀን ነው፤ ኢንተርኔቱ ሳይቆራረጥ መዋል አለበት። ከተቋረጠ እኔ ወደ ቢሮ ወንበሬ እመለሳለሁ፤ ዕድሉን ከኋላዬ የተሰለፈችው ባልደረባዬ ትወስደዋለች፤ ወንድሜም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ሰኞ ከተበላሸ አባቴ ፎቅ ይወጣል ማለት ነው። ለእሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ሠላሳ አራት ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ለኖረ ሰው "አሁን የሚጠብቅህ ሰው ያስፈልግሃል" ተብሎ እንዴት ይነገራል? እኔ እንጃ። ደግሞ ደክሞኛል። ለእውነት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ውሸት ቀለል ይላል።

አባቴ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ "ማዕዘን" ነበር የሚሉት። የመዳቡን ሽቦ በግድግዳ ሲዘረጋ ጥግ ላይ ሲደርስ በማስመሪያ የተሰመረ አስመስሎ ያጥፈዋል፤ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ ያስተኛዋል፤ በየስንዝሩ ባለ ሚስማር ክሊፕ ይመታበታል። ያ ሽቦ ግድግዳው ይፈርሳል እንጂ አይነቃነቅም። "ሽቦ የሠራተኛው ፊርማ ነው" ይላል። ሌላ ሠራተኛ እዚያ ቤት ለጥገና ሲገባ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥጉን ያይና "ይሄ የማዕዘን ቤት ነው" ይል ነበር አሉ።

እራት ላይ የሚያወራቸው ታሪኮች አሉት። ሁሉንም በእንቅልፍ ልቤ ልደግማቸው እችላለሁ፤ አንዱን ግን እሱ ሲናገረው ነው ደስ የሚለው።

"ሰው ቤት ገብተሽ ሽቦው ተበጥሶ ካገኘሽው፣ የበጠሰው የቤቱ ሰው ነው" ይለኛል፣ የሥራ ባልደረባው የሆንኩ ይመስል። "ሽማግሌው ወንበር ሲጎትት ነው። አሮጊቷ ስትጠርግ ነው። ታዲያ ምን ትያለሽ? 'እርስዎ ነዎት የበጠሱት' ትያለሽ? ልጆቻቸው ቆመው እየሰሙ? ነውር ነው! 'ጥፋቱ ከውጭ ነው' ብለሽ ትወጪያለሽ። ምሰሶው ሥር ቆመሽ አንድ ሲጋራ ታጨሻለሽ። ከዚያ ትመለሺና የውስጡን ዝም ብለሽ ትቀጥይና 'ይኸው፣ ከውጭ ተስተካከለ' ትያለሽ። ሽማግሌው መርቆ ይሸኝሻል።"

ይሄን ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። "ሲጋራ የለመድኩት በሰው ገመና ነው!"

ዓርብ ኢንተርኔት የሚያስገባው ቴክኒሻን መጣ። ሃምሳ የሚጠጋው፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ በተንበረከከ ቁጥር "እህህ" የሚል ሰው ነው። እንደኔ የደከመው መሆኑን ገና ከበር አውቄዋለሁ። ቀጭን ነጭ ኬብል ከመግቢያው በር ጀምሮ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር እየሳበ ሳሎን አደረሰው። ጥግ ጥጉ ላይ አላጠፈውም፤ ሰፋ አድርጎ አዙሮ እንዲሁ ተወው። ክሊፖቹንም አራርቆ ነው የመታቸው፤ ገመዱ በመሃል በመሃል ላላ ብሎ ሆዱን ጥሏል። አባቴ ወንበሩን ኮሪደሩ አፍ ላይ አስቀምጦ ከንፈሩን ነክሶ ያያል። መጨረሻ ላይ አልቻለም።

"ልጄ፣ አላጠበቅከውም እኮ።"

"አይጠብቅም አባባ። ይሄ እንደ ድሮው ሽቦ አይደለም፣ ፋይበር ነው። ውስጡ መስታወት ነው።"

"መስታወት?"

"ፀጉር የሚያህል መስታወት። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው።"

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ፤ እያሾፉበት እንደሆነ እንድነግረው ነው። እኔ ደግሞ የኮምፒውተሩን ሽቦዎች ከየቀዳዳቸው ጋር ሳስተያይ ነበርና አልመለስኩለትም። መልስ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ኬብሉ የተሰካበት ትንሽ ሳጥን፣ ራውተሩ ላይ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። የወንድሜ ልጆች ስክሪኑ ላይ መጡ፤ ትንሿ የወለቀ ጥርሷን ካሜራው ላይ ደቅና ለአያቷ አሳየችው፤ እሱም የራሱን ድድ አሳያት። ቴክኒሻኑ ጉልበቱን እያሸ የግል ስልክ ቁጥሩን በካርቶኑ ላይ ጻፈልኝ። "ደንበኛ አገልግሎት ደውለሽ ከምትሰቃዪ" አለኝ። እኔ ያንን ስቃይ ከማዶ ሆኜ የማደርሰው ሰው መሆኔን አልነገርኩትም።

ከሄደ በኋላ አባቴ ኮሪደሩን አንዴ ሄደበት፣ አንዴ ተመለሰበት። "ዝርክርክ" አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰውየው ስም ዝርክርኩ ሆነ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሥራ አለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ስመለስ አባቴ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል። ላብ አጥምቆታል፤ የድሮ የመሣሪያ ቦርሳው እግሩ ሥር ተከፍቶ ተቀምጧል፤ እጆቹን ወደኋላ አድርጎ የቤት ሥራውን ሠርቶ መምህሩን የሚጠብቅ ተማሪ መስሏል።

"እይማ" አለኝ።

አየሁ። ነጩ ኬብል የኮሪደሩን ግድግዳ ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የሳሎኑ በር መቃን ላይ ሲደርስ ሽቅብ ይታጠፋል፤ በመቃኑ አናት ይሻገራል፤ ቁልቁል ይወርዳል፤ እንደገና ይታጠፋል። እያንዳንዱ ጥግ ቢላ የመሰለ ነው። ክሊፖቹ በየስንዝሩ፣ እኩል በእኩል። አምሮ ነበር፤ አልዋሽም። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አባቴን እንዲህ ደረቱን ነፍቶ አላየሁትም።

"ያምራል አባዬ" አልኩት።

"እጅ አይረሳም" አለ።

ሳሎን ገባሁ። የራውተሩ መብራት ቀይ ነበር።

ፋይበሩ መስታወት መሆኑን እኔም በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ማሰቡን ትቼ አጠፋሁት፤ አበራሁት። ቀይ። ነቀልኩት፤ ሰካሁት። ቀይ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የኢንተርኔቱ ደንበኛ አገልግሎት ጋ ደወልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንዲት ሴት አነሳች።

"ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን" አለችኝ።

ያችን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። ስትባል ዓይን የት እንደሚያይ፣ እጅ ምን እንደሚነካካ ጭምር አውቃለሁ። አጥፍተው ያብሩት አለችኝ፤ አድርጌዋለሁ አልኳት፤ እንደገና ያድርጉት አለችኝ። ጥገና ከሦስት እስከ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይመጣል ስትለኝ ጮህኩባት። አሥራ አንድ ዓመት ሲጮህብኝ የኖረውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩባት። ልጅቱ ዝም ብላ ሰማችኝ፤ እኛ እንዲያ ነው የሰለጠንነው። ከዚያ አፈርኩና ይቅርታ ጠየቅኳት።

"ምንም አይደል" አለች። "ቤት ውስጥ ኬብሉን የነካ ሰው አለ?"

አባቴ ሳሎን በር ላይ ቆሟል፤ መዶሻው እጁ ላይ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ከነገር ሁሉ መስታወት የሚለው ቃል ተመልሶ መጣብኝ።

"የለም" አልኳት፣ አፌን ሞልቼ።

ስልኩን ስዘጋ አባቴ "ዝርክርኩ ነው ያበላሸው" አለ፣ እርግጠኛ ሆኖ። "ብዬሽ ነበር።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል። ካርቶኑ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩና፣ አባቴ እየሰማኝ ስለነበር፣ ምስኪኑን ሰውዬ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ ብዬ ወረድኩበት። ሰኞ ጠዋት ያለብኝን ግን ወደ ጓዳ ገብቼ በሹክሹክታ ነገርኩት። እሑድ የዕረፍት ቀኑ ነው። እንዲያም ሆኖ "ሦስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ" አለኝ።

እሑድ ሲመጣ አባቴ መታጠቢያ ቤት ፊቱን እየታጠበ ነበር። ቴክኒሻኑ ኮሪደሩ አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቦርሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። የመጀመሪያውን ጥግ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ሁለተኛውን።

"አባትሽ መስመር ሠራተኛ ነበሩ እንዴ?" አለኝ።

"እንዴት አወቁ?"

"እኔም የጀመርኩት በመዳቡ ጊዜ ነው። ይሄን ማጠፍ ሊያስተምሩኝ ሞክረው አቅቶኛል።" ጥጉን እንደገና ዳሰሰው። "እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ ሰው አሁን የለም።"

ከኪሱ እስክሪብቶ የምታክል፣ ቀይ የምታበራ ባትሪ አወጣና ከኬብሉ ጫፍ ጋር ገጠማት። የኮሪደሩን መብራት እንዳጠፋ ጠየቀኝ፤ አጠፋሁት። በጨለማው ውስጥ የአባቴ ማዕዘኖች ሦስት ቦታ ላይ በሩ። ነጩ ሽፋን ውስጥ ውስጡን ቀልቶ፣ ልክ በታጠፈበት፣ ልክ መዶሻው ባረፈበት ላይ።

"ብርሃኑ የሚያፈሰው የተሰበረበት ቦታ ላይ ነው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሦስቱም ሄደዋል። ሙሉውን መቀየር አለብን።"

ጫማ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አልኩ። ኬብሉ ይቀየራል፤ እሱ አይደለም የከበደኝ። እንዴት አድርጌ ነው ለአባቴ የምነግረው? ከነገርኩት ይሰበራል፤ ካልነገርኩት ነገ ደግሞ መዶሻውን ያነሳል። ሁለቱም አደከሙኝ።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ። አባቴ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። የቴክኒሻኑ አውራ ጣት ባትሪዋን ጠቅ አድርጋ አጠፋቻት። ቀዮቹን ነጠብጣቦች አይቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"እህስ፣ ምን አገኘህ?" አለው አባቴ።

ቴክኒሻኑ ቀና አለ። ከመታጠቢያ ቤቱ በወጣው ብርሃን ፊቱን አየሁት፤ ምንም የማይነበብበት ፊት አድርጎታል።

"አባባ፣ ጥፋቱ ከውጭ ነው።"

መብራቱን አበራሁት። አባቴ ባለበት ቆሟል። በፎጣው ጫፍ አገጩን ጠረገ፤ ደረቅ ነበር፣ እንደገና ጠረገው።

"ከውጭ ነው?" አለ።

"ከውጭ ነው። ምሰሶው ጋ አይቼ ልምጣ።"

"እይ እንጂ" አለ አባቴ። "ጊዜህን ወስደህ እይ።"

ቴክኒሻኑ ወጣ። አባቴ ወደ ሳሎን መስኮት ሄደ፤ እኔም ከኋላው ቆምኩ። የስልክ ምሰሶው ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው። ሰውየው ምሰሶው ሥር ደረሰ፤ ወደ ላይ አንጋጦ ምንም ነገር ሳያይ አየ፤ ከዚያ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ኪሱን ዳበሰ። ጭስ ከትከሻው በላይ ብቅ አለ።

"ለኮሰ" አለ አባቴ።

ዞሮ ወደ መሣሪያ ቦርሳው ሄደ። ካቻቢቴ አወጣና ኮሪደሩ ውስጥ ተንበረከከ፤ እንደ ቴክኒሻኑ "እህህ" አለ። የመጀመሪያውን ክሊፕ ከሥሩ ፈልፍሎ ነቀለው።

"አባዬ፣ ተው፤ እሱ ይነቅለዋል።"

"ሲጋራውን ሳይጨርስ ልጨርስ" አለኝ ቀና ሳይል።

አጠገቡ ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁ፤ ክሊፖቹን እየነቀለ መዳፌ ላይ ያስቀምጥልኛል። ፈጣን ነበር። የበሩን መቃን የሚዞረው ጥግ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ኬብሉን በሁለት ጣቱ ያዘው።

"መስታወት ነው ብሎኝ ነበር፣ አይደል?"

"ብሎህ ነበር አባዬ።"

"ረሳሁት" አለ።

ይሄን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ቫልቩ ላልቷል፣ ሰዓቱ ቀድሟል፣ ቁልፉን ሰው አንስቶታል፤ እሱ ግን ረስቶ አያውቅም። ልይዘው ፈለግሁ፤ እጄ ሙሉ ሚስማር ነበር።

ቴክኒሻኑ ከመግባቱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ ረጅም ሳል ሳለ። ሲገባ ኬብሉ ተጠቅልሎ፣ በራሱ ጫፍ ታስሮ፣ ቦርሳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አየው። አባቴን አላየውም።

"ከውጭ ተስተካክሏል" አለ። "የውስጡንም አዲስ ብንዘረጋው ይሻላል ብዬ ነው።"

"ይሻላል" አለ አባቴ። "እኔ እይዝልሃለሁ።"

ሁለቱ መስመር ሠራተኞች በኮሪደሩ እየተንፏቀቁ ሄዱ። ጥግ ላይ ሲደርሱ አባቴ "ስንት ጣት ይበቃዋል?" ብሎ ጠየቀ። "አራት ጣት" አለው ቴክኒሻኑ። አባቴ አራት ጣቱን ገጥሞ ጥጉ ላይ አስቀመጠ፤ ሰውየው ኬብሉን በጣቶቹ ዙሪያ አዞረውና ክሊፑን ከወዲያ ማዶ መታ። ከዚያ አባቴ ጣቶቹን ቀስ ብሎ አወጣ። በየጥጉ እንደዚያ አደረጉ። ዛሬም ኮሪደራችን ውስጥ ኬብሉ ጥግ ላይ በደረሰ ቁጥር የአባቴን እጅ ያህል ይሰፋል።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አባቴ ቴክኒሻኑን እስከ ግቢው በር ሸኘው፤ እጁን ይዞ ቆሞ መረቀው፤ ጉልበትህን ይማርልህ ሲለው ሰማሁት። ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሬዲዮውን አልከፈተም።

"ስንቱን ሽማግሌ 'ጥፋቱ ከውጭ ነው' ብዬዋለሁ መሰለሽ" አለ። "ሁሉም እንዲህ መርቀው ነው የሚሸኙኝ። እኔ ደግሞ ሸወድኳቸው እያልኩ ምሰሶው ሥር ብቻዬን እስቅ ነበር።" እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። "ለካ ሁሉም ያውቁ ነበር።"

አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ክሊፖቹ ገና እጄ ላይ ናቸው።

"ቢሮሽስ?" አለኝ። "እውነት ጠቧል?"

"አልጠበበም።"

"እሱንም ጠርጥሬ ነበር። ቢሮ አይጠብም።"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። ወንድሜ ያለውን፣ ቅዳሜን፣ መኪናውን፣ የነገውን ሙከራ። ፎቅ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ዕቃ ፍለጋ አልተነሳም፤ እስክጨርስ ሰማኝ። እየነገርኩት አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ ከድካም ይመስለኛል፣ አንዴ ከጀመረ ግን ማን ለይቶት።

"ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?"

"አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?"

አሰበበት። "አልነግርሽም" አለ። "ወጥቼ ሲጋራ ነበር የማጨሰው።"

ሳቅን። ብዙም የሳቅ ጉልበት አልነበረንም፤ ባለን ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የጆሮ ማዳመጫዬን አጠለቅኩ፤ መብራቱን አየሁ፤ አረንጓዴ ነው፤ ደግሜ አየሁት። ከወጥ ቤት የብረት ኮሽታ ሰማሁ። ልነሳ ስል አባቴ መጣ። ኪቦርዱ አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አራት ጥቁር ክብ ነገሮች አንድ በአንድ ደረደረልኝ። የምድጃው መክፈቻዎች ናቸው። ከምድጃው ላይ ነቅሏቸው ነው።

"ቫልቩ ምንም አልሆነም" አለ። "ሻይ ሲያምረኝ እጠይቅሻለሁ።"

ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ደንበኛ ደወለ። ፍሪጁ ውኃ ያንጠባጥባል፤ ምንጣፉ በስብሷል፤ እናንተ ሌቦች ናችሁ። ስለተፈጠረው ችግር ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ቤት ሆነ ቢሮ ሆነ፣ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ ስድቡ ያው ስድብ ነው። አራት ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ሴትዮ ጆሮዬ ላይ እየጮኸችብኝ ሳለ፣ አባቴ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥቶ ቆመ። አንድ ጣቱን አነሳ። ከአራቱ አንዱን መክፈቻ አንስቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ይዞት ወደ ወጥ ቤት ገባ።

"እየሰማሽኝ ነው?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"እየሰማሁ ነው" አልኳት። ጆሮዬ ግን ወጥ ቤት ነበር። ክብሪቱ ሲጫር ሰማሁ፤ ውኃው ሲፈላ ሰማሁ፤ ምድጃው ሲጠፋ ሰማሁ። ከዚያ አባቴ በአንድ እጁ ለእኔ አንድ ስኒ ሻይ ይዞ መጣ፤ በሌላው እጁ መክፈቻውን ከሦስቱ አጠገብ፣ መስመሩን አስተካክሎ፣ ቦታው ላይ መለሰው።